ማሽኑ የጠፋ ቀን ያልተበተኑት ሰዎች

ባለፈው ቅዳሜ ከሰአት ኪቶ ፉርዲሳ በኩል ካለች አንዲት የጀበና ቡና ቤት ከአራት ልጆች ጋር በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሶስቱ ሜካኒካል የጨረሱ ናቸው፣ አንዷ ኬሚካል አንድ አመት ይቀራታል፣ አራቱ ሆነው የቡና ገለባ ወደ ከሰል የሚቀይር ማሽን እየሰሩ ነው፣ ብሩ የሚመጣው ከአንድ ፕሮጀክት ነው ፕሮጀክቱ ደግሞ ሰኔ ላይ ያልቃል። ስለ ማሽኑ ስለ ጭሱ ምናምን ስናወራ ቆየንና ልጅቷ ስኒዋን አስቀምጣ "ቲቸር፣ ፈንዱ ሲያልቅ እኛ ምን ልንሆን ነው?" አለችኝ።

ጥያቄው ውስጤ ነው የገባው። ለምን መሰላችሁ፣ እኔ እራሴ ከብዙ አመት በፊት እዚሁ ጅማ እንደዛ ያለ ስራ ላይ ነበርኩ። ስድስት ነበርን። ከገለባ ጋዝ አውጥቶ የሚያነድ ምድጃ ነበር የምንሰራው፣ ሁለት አመት ሙሉ ለፍተን መጨረሻ ላይ ጭሱ ጠፍቶ ሰማያዊ ነበልባል ማየት ጀምረን ነበር፣ ያንን ሰማያዊ ነገር በገዛ እጁ ሰርቶ ያየ ሰው ደስታውን ያውቀዋል። ከዛ ፈንዱ አለቀ። ንብረት ክፍል መጥቶ ቆጥሮ ክፍሉን አሸገው፣ እኛም ተበተንን፤ አንዱ አዲስ አበባ ባንክ ገባ፣ አንዷ ዱባይ ሄደች፣ ሁለቱ ሃይስኩል መምህር ሆኑ፣ አንዱ አጋሮ መለዋወጫ ሱቅ ከፈተ፣ እኔ ላብራቶሪ ውስጥ ቀረሁ። ምድጃው እስከዛሬ እዛ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። እውቀቱ ግን የለም፣ ምክንያቱም አብዛኛው ወረቀት ላይ አልነበረም፣ ስድስታችን አንድ ላይ ስንቆም ነበር የሚኖረው።

ለልጆቹ ግን የራሴን ታሪክ አይደለም የነገርኳቸው። ለረጅም ጊዜ ስከታተለው የነበረ የአንድ ድርጅት ጉዳይ አለ፣ ኮመንዌልዝ ፊውዥን ሲስተምስ ይባላል፣ አሜሪካ ማሳቹሴትስ ነው ያለው፣ ፀሀይ የምትነድበትን አይነት ጉልበት እዚህ ምድር ላይ አምርቶ መብራት ለማድረግ የሚሞክር ስታርታፕ ነው። ስለሱ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ቢሊዮን ዶላሩ ነው፣ እኔን የያዘኝ ግን ሰዎቹ ናቸው፣ ምክንያቱም እነሱም ፈንድ ያለቀባቸው ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ እዛ በርጩማ ላይ የነገርኳቸውን ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። አመተ ምህረቱ በሙሉ እንደ ፈረንጅ ነው።

መጀመሪያ ነገሩ ምንድነው

አሁን በየአገሩ ያለው የኒውክሌር ጣቢያ ዩራኒየምን፣ ማለትም ከባድ አቶምን፣ ሰንጥቆ ነው ሙቀት የሚያወጣው። ፊውዥን በተቃራኒው ቀላል አቶሞችን ያዋህዳል። ዲውቴሪየምና ትሪቲየም የሚባሉ ሁለት የሃይድሮጅን ወንድማማቾች አሉ፣ ሲዋሃዱ ሂሊየምና አንድ በጣም ፈጣን ኒውትሮን ይወጣል፣ ሙቀቱ ከዛ ነው። ዲውቴሪየም ውሃ ውስጥ አለ፣ የኛው አዌቱ ወንዝ ውስጥም አለ። ትሪቲየም ግን በ12 አመት ገደማ ግማሹ ስለሚጠፋ ተከማችቶ አታገኘውም፣ እዛው ማሽኑ ውስጥ ከሊቲየም መመረት አለበት። እና እነዚህ ሁለቱ እንዲዋሃዱ 100 ሚሊዮን ዲግሪና ከዛ በላይ መሞቅ አለባቸው፣ ይሄን ሙቀት የሚችል ድስት ስለሌለ በማግኔት ነው ግድግዳ ሳይነካ አንሳፍፈው የሚይዙት፣ ቅርጹ እንደ ቦምቦሊኖ መሃሉ ክፍት። ቶካማክ ይባላል፣ በ1950ዎቹ ከሶቪየት ሳይንቲስቶች የመጣ ሀሳብ ነው።

እዚህ ጋር አንድ ነገር ያዙልኝ፣ ታሪኩ በሙሉ እሱ ላይ ነው የሚዞረው። ማግኔቱን ሁለት እጥፍ ብታጠነክረው በዛው ስፋት ካለ ቦታ የሚወጣው የፊውዥን ጉልበት 16 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ማግኔት ከጠነከረ ማሽኑ ማነስ ይችላል፣ ማሽኑ ካነሰ ደግሞ በጥቂት ሰውና በጥቂት አመት ይሰራል። ፈረንሳይ ውስጥ ከ30 በላይ አገር ተባብሮ የሚገነባው ኢተር የሚባለው ግዙፍ ማሽን ሀሳቡ የተነሳው በ1985 ሬገንና ጎርባቾቭ ጄኔቫ ሲገናኙ ነው፣ በ2024 የወጣው አዲስ እቅድ ደግሞ ምርምር የሚጀመርበትን ጊዜ 2034 አድርጎታል። አንድ ወጣት እዛ ላይ ተቀጥሮ ሳይበራ ጡረታ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። እኔ ኢተርን አላጣጥልም፣ ከሱ የተማረ ሰው ብዙ ነው፣ ግን የ25 አመት ልጅ ሆነህ ይሄን ስትሰማ ምን እንደሚሰማህ አስበው።

ሰዎቹና የጠፋው ማሽን

እዛው ማሳቹሴትስ፣ ቦስተን አጠገብ ባለው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አልካተር ሲ-ሞድ የሚባል ትንሽ ቶካማክ ነበር፣ ከ1993 ጀምሮ የሰራ። ትንሽ ነው ግን የመዳብ ማግኔቱ እስከ 8 ቴስላ ይደርስ ነበር፣ ቴስላ የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው፣ በጊዜው ከነበሩት ቶካማኮች ውስጥ በማግኔት ጉልበት ከፊተኞቹ አንዱ ነበር። ስንትና ስንት ተማሪ ዶክትሬቱን የሰራው እሱ ላይ ነው። የሚከፍለው የአሜሪካ መንግስት ነው፣ እና በ2012 የመንግስት የበጀት ሀሳብ ይዘጋ አለ፣ በጀቱ ጠቦ ለኢተር የሚከፈለው ድርሻ ደግሞ እየጨመረ ስለነበር። ኮንግረስ ለጥቂት አመት አስቀጠለው፣ ግን ሁሉም ቀኑ መቆረጡን ያውቅ ነበር። ሴፕቴምበር 30 2016 የመጨረሻው ቀን ሆነ። እና ምን አደረጉ፣ በዛች በመጨረሻዋ ቀን ማሽኑን እስከ ጥግ ገፍተው የፕላዝማ፣ ማለትም ማሽኑ ውስጥ የሚግለው ጋዝ፣ ግፊት የአለም ሪከርድ ሰበሩ፣ 2.05 የከባቢ አየር ግፊት፣ የቀድሞው ሪከርድም የራሱ የሲ-ሞድ ነበር በ2005 የተመዘገበ 1.77። ከ35 ሚሊዮን ዲግሪ በላይ ሞቆ ነበር። ከዛ በቃ፣ ጠፋ።

ይሄን ያነበብኩ ቀን የኛ ሰማያዊ ነበልባል ነው ትዝ ያለኝ። ስራው ሳይደክም፣ እንዲያውም ከመቼውም በላይ ጎበዝ በሆነበት ሰአት ሲዘጋ ያለው ስሜት ሌላ ነው፣ ሰው ከሞተበት ሀዘን ብዙም አይርቅም።

በዛ ሰአት ለሲ-ሞድ ሰዎች የተከፈተ ቀላል መንገድ ነበር። መንግስት ደሞዛችሁን አስቀጥላለሁ፣ ሌላ ቦታ ያሉ ማሽኖች ላይ ሄዳችሁ ተባበሩ ብሏቸው ነበር። ብዙዎቹ ያንን ሰርተዋል፣ የሚያስነቅፍ ነገር የለውም፣ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ነው። ስድስት ሰዎች ግን ሌላ ነገር እያሰቡ ነበር።

ዴኒስ ዋይት ካናዳዊ ነው፣ ሳስካችዋን ከሚባል የእርሻ አገር፣ ኤምአይቲ ፕሮፌሰር፣ ከ2015 እስከ 2023 ደግሞ የፕላዝማና ፊውዥን ማእከሉ ዳይሬክተር የነበረ። ማርቲን ግሪንዋልድ የቤቱ አንጋፋ ነው፣ ቶካማክ ውስጥ ምን ያህል ጋዝ ማጨቅ እንደሚቻል የሚናገረው ወሰን በሱ ስም ነው የሚጠራው፣ የግሪንዋልድ ወሰን ይባላል። የቀሩት አራቱ ወጣቶች ናቸው፣ ቦብ መምጋርድ፣ ዳን ብሩነር፣ ብራንደን ሶርቦምና ዛክ ሃርትዊግ፣ አራቱም ዶክትሬታቸውን እዛው ኤምአይቲ የሰሩ። መምጋርድ ከኔብራስካ የመጣ ሜካኒካል የተማረ ልጅ ነው።

እና አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ። ይሄ ሁሉ ቢሊዮን ዶላር የተነሳው ከክፍል ስራ ነው። ዋይት የሚያስተምረው የፊውዥን ኢንጂነሪንግ ኮርስ አለ፣ አሰጣጡ ለየት ይላል፣ ተማሪዎቹን በቡድን አድርጎ አንድ ሙሉ የፊውዥን ማሽን ንደፉልኝ ይላቸዋል፣ በሰሚስተሩ። በ2010ዎቹ መጀመሪያ ከሰጣቸው ስራዎች አንዱ አዲስ አይነት ሪባን የሚመስል ገመድ ላይ የተመሰረተ ነበር። ሬብኮ ይባላል፣ ሱፐርኮንዳክተር ነው፣ ማለትም በደንብ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ ያለ ምንም ኪሳራ የሚያሳልፍ። የዚህ ቤተሰብ ሱፐርኮንዳክተሮች መጀመሪያ የተገኙት በ1986 ዙሪክ ውስጥ በቤድኖርዝና ሙለር ነው፣ በአመቱ ኖቤል ሰጧቸው፣ ግን ሴራሚክ ስለሆነ እንደ ሸክላ ይሰበር ነበር፣ ስስ የብረት ሪባን ላይ ቀብቶ በረጅሙ ማምረት እስኪቻል ከ20 አመት በላይ ፈጀ። የዋይት ተማሪዎች የጠየቁት ጥያቄ ቀላል ነው፣ ይሄ ሪባን በገበያ የሚገዛ እቃ ከሆነ የፊውዥን ጣቢያ ምን ያህል ማነስ ይችላል? መልሱን በ2015 አሳተሙት፣ የጽሁፉ የመጀመሪያ ስም ሶርቦም ነው፣ ያኔ ገና ተማሪ። ማሽኑን አርክ አሉት። ማግኔቶቹ እንዲፈቱና እንዲገጠሙ ሆነው የተነደፉ፣ ውስጡ ሲያረጅ ነቅሎ ለመቀየር፣ ዙሪያው ደግሞ ሊቲየም ያለበት የቀለጠ ጨው የሚዞርበት፣ ሙቀቱንም የሚወስድ ትሪቲየሙንም የሚያመርት።

እኛ አገር ሰሚስተር ፕሮጀክት ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፣ ይታተማል፣ ይጠረዛል፣ ማርክ ይሰጥበታል፣ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። እነሱ ጋር መምህሩ የተማሪውን ስራ እንደ እውነተኛ ስራ ነው የወሰደው። ለኔ የጉዳዩ አንዱ ቁልፍ እዚህ ጋር ነው። ዋይት ስሙ የገነነ ሰው ሆኖ የ20 ምናምን አመት ልጆች ያወጡትን ቁጥር አምኖ የማእከሉን እጣ በሱ ላይ ለመጣል ደፈረ።

ማን የት ይቀመጥ

ኩባንያው በ2018 ተቋቋመ። እዚህ ጋር ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ፣ ምክንያቱም ስታርታፕ ስንባል ወዲያው የሚታየን ሁሉም ስራውን ለቆ ጋራዥ ውስጥ ሲገባ ነው። እነዚህ እንደዛ አላደረጉም። መምጋርድ ዋና ስራ አስፈጻሚ ሆነ፣ ብሩነር የቴክኖሎጂ ሃላፊ፣ ሶርቦም የሳይንስ ሃላፊ፣ ሶስቱ ኩባንያው ውስጥ ገቡ። ዋይት፣ ግሪንዋልድና ሃርትዊግ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ቀሩ። ሃርትዊግ እዛው ፕሮፌሰር ሆኖ የማግኔቱን ስራ በኤምአይቲ በኩል መራ። ከዛ ኩባንያውና ዩኒቨርሲቲው ውል ተፈራረሙ፤ የመጀመሪያው ትልቅ ገንዘብ የመጣው ከጣሊያኑ የነዳጅ ኩባንያ ከኤኒ ነው 50 ሚሊዮን ዶላር፣ ከሱ ውስጥ 30 ሚሊዮኑ በሶስት አመት ውስጥ ወደ ኤምአይቲ ላብ ለምርምር እንዲሄድ ተደረገ።

ይሄ ማለት ምን ማለት ነው፣ የሲ-ሞድ ቴክኒሻን፣ ቫክዩም የሚያውቀው፣ ማቀዝቀዣ የሚያውቀው፣ ብየዳ የሚያውቀው፣ ስንት አመት እጁ የለመደ ሰው፣ ወንበሩን ሳይለቅ አዲስ ስራ አገኘ። ማሽኑ ጠፍቷል፣ አዳራሹ አለ፣ ክሬኑ አለ፣ ሰዎቹ አሉ። ገንዘቡ ለድርጅቱ ብቻ ቢሄድ ኖሮ ድርጅቱ ባዶ ህንጻ ተከራይቶ ከዜሮ ሰው መቅጠር ነበረበት፣ ለዩኒቨርሲቲው ብቻ ቢሄድ ደግሞ በግዢ ኮሚቴ ፍጥነት ይሄድ ነበር። ግማሽ ግማሽ መቀመጣቸው ነው ቡድኑን ያዳነው ብዬ አምናለሁ። ለልጆቹ ይሄን ስነግራቸው አንዱ "ቲቸር፣ እኛም አንዳችን ተቀጥረን ሶስታችን ብንወጣስ?" አለኝ፣ መልስ አልሰጠሁትም፣ እሱ እራሱ ያስበው ብዬ።

ከውጭ ያመጧቸው ሰዎችም አሉ። ለምሳሌ የማምረቱን ስራ እንድትመራ የተቀጠረችው ጆይ ደን ፊውዥን የተማረች አይደለችም፣ ከስፔስኤክስ ነው የመጣችው፣ አንድን ነገር አንዴ ሳይሆን ደጋግሞ መስራት ከሚታወቅበት ቤት። የፊዚክስ ሰው አንድ ማሽን ሰርቶ 20 አመት ያጠናዋል፣ የፋብሪካ ሰው ደግሞ ሁለተኛው ከመጀመሪያው እንዴት ይፈጥናል ብሎ ነው የሚያስበው፣ ሁለቱን አንድ ክፍል ማስቀመጥ ቀላል አይደለም፣ ቋንቋቸው እራሱ አይገናኝም።

ከባዱን ቀድሞ

ሌላው ውሳኔ ደግሞ ይሄ ነው፣ ቶካማኩን መገንባት ከመጀመራቸው በፊት ማግኔቱን ብቻ ሰርተን እናሳያለን፣ በሶስት አመት ውስጥ፣ አሉ። ማግኔቱ ካልሰራ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም ብለው ነው። እኛ ጋር የተገላቢጦሹ ነው የለመደብን፣ መጀመሪያ ቢሮ፣ ከዛ መኪና፣ ከዛ ባነር፣ ከባዱ ነገር መጨረሻ ላይ ይደርሳል በዛ ሰአት ብሩ አልቋል። የኛ ምድጃም እንደዛው ነበር፣ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ወር ቆርቆሮውን በማሳመር ነው የጨረስነው፣ ጭሱን ሳንፈታ።

ማግኔቱን እንዴት እንደሰሩት ትንሽ ልበል ምክንያቱም ድፍረታቸው የሚታየው እዚህ ነው። መርካቶ ጋር ሞተር የሚጠቀልሉትን ልጆች ጠይቋቸው፣ ሽቦው ቫርኒሹ ከተላጠ ሾርት ያደርጋል ሞተሩም ይቃጠላል፣ የሙያው ሀሁ ነው። እነዚህ ሰዎች ግን ሪባኑን ያለ ምንም መሸፈኛ ራቁቱን ደራርበው ብረት ሳህን ላይ በተቀረጸ ቦይ ውስጥ አስገብተው በብየዳ ደፈኑት። ሀሳቡ ምንድነው፣ ሱፐርኮንዳክተር ውስጥ ኤሌክትሪኩ ምንም የሚያግደው ስለሌለ በሱ መሄድን ይመርጣል፣ አንድ ቦታ ሞቆ ችግር ከመጣ ደግሞ በጎን በብረቱ አድርጎ ያልፋል እንጂ አንድ ነጥብ ላይ ተከማችቶ አያቃጥልም። በዚህ ትልቀት ከዛ በፊት ማንም አልሞከረውም፣ ብዙ የዘርፉ ሰውም አይሆንም ባይ ነበር። እንደዚህ ያሉ 16 ሳህኖች ተደራርበው አንድ ማግኔት ሆኑ፣ ክብደቱ 10 ቶን የሚጠጋ። ውስጡ የገባው ሪባን 267 ኪሎ ሜትር ነው። ከጅማ ተነስተን አስፋልቱን ይዘን ብንዘረጋው ወሊሶን አልፎ ወደ ቱሉ ቦሎ ይደርሳል። ይሄን ሁሉ የሰሩት ደግሞ በኮቪድ መሃል ነው።

ሴፕቴምበር 5 2021፣ ገና ሳይነጋ፣ ማግኔቱ 20 ቴስላ ደረሰ። ለዚህ አይነት ትልቅ ማግኔት በአለም የመጀመሪያው ነበር። ከሱ በፊት እዛው ኤምአይቲ በመዳብ ማግኔት የተደረገ ሙከራ 200 ሚሊዮን ዋት ገደማ፣ ማለትም 200 ሜጋ ዋት፣ ይበላ ነበር። ጊልገል ጊቤ አንድ ሙሉ በሙሉ 184 ሜጋ ዋት ነው፣ ግድቡ በሙሉ ለሱ ቢሰጠው አይበቃውም ነበር ማለት ነው። አዲሱ ማግኔት እራሱ የወሰደው 30 ዋት አካባቢ ነው፣ የአንድ አምፖል ያህል። ይሄን ቁጥር ለልጆቹ ስነግራቸው ቡና የምትቀዳዋ እህታችን ሳትቀር ጀበናውን ይዛ ቆመች።

ከሁሉም በላይ ያከበርኳቸው ግን ከዛ በኋላ ባደረጉት ነው። ሪከርዱን ካስመዘገቡ በኋላ ማግኔቱን መስታወት ውስጥ አላስቀመጡትም፣ ሆን ብለው ሊያበላሹት ሞከሩ። ሃይሉን ድንገት ቆርጠው የሚመጣውን መጥፎ ነገር ሁሉ እንዲመጣበት አደረጉ። አንድ ጥግ ላይ ቀለጠ፣ አብዛኛው ክፍል ግን ተረፈ፣ እነሱም የቀለጠውን ከኮምፒውተር ሂሳባቸው ጋር አስተያይተው የሚቀጥለውን ንድፍ አስተካከሉበት። ዝርዝሩን በማርች 2024 በስድስት ጽሁፍ ለአለም አወጡት። እኛ እዚህ አካባቢ ጊቤ ሁለትን እናስታውሳለን፣ በ2010 ጃንዋሪ ተመርቆ በቀናት ውስጥ ከ26 ኪሎ ሜትሩ ዋሻ የተወሰነው ተደረመሰ፣ ብዙ ወር ፈጅቶ ተጠገነ አሁን 420 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣቢያ ነው። ተራራ ውስጥ ያለ ዋሻ ቀድመህ አፍርሰህ ማየት አትችልም። ማግኔት ግን ትችላለህ፣ ስለዚህ አፍርሰው አዩት።

ገንዘቡን በአጭሩ ልለፈው። በ2019 115 ሚሊዮን ዶላር፣ ከማግኔቱ ሶስት ወር በኋላ በዲሴምበር 2021 1.8 ቢሊዮን፣ በኦገስት 2025 863 ሚሊዮን፣ ባጠቃላይ ወደ 3 ቢሊዮን የሚጠጋ። ቅደም ተከተሉን ብቻ እዩልኝ፣ ትልቁ ገንዘብ የመጣው ከባዱ ነገር ከታየ በኋላ ነው።

አሁን ያሉበት

ዴቨንስ በሚባል ቦታ ስፓርክ የሚባለውን ቶካማክ እየገነቡ ነው። ስፋቱን ለመገመት፣ ከማሽኑ መሃል እስከ ፕላዝማው መሃል ያለው ርቀት 1.85 ሜትር ነው፣ የኢተር 6.2 ሜትር ነው። ዙሪያውን 18 ትላልቅ ማግኔቶች ይከቡታል። አላማው ፕላዝማው ከተሰጠው ሙቀት በላይ እንዲያወጣ ነው፣ ይሄን ደግሞ እስካሁን የትኛውም ቶካማክ አላደረገውም፣ እንግሊዝ የነበረው ጄት በ1997 ከተሰጠው 67 ከመቶ ያህል ነው የመለሰው። በ2022 ዲሴምበር ካሊፎርኒያ ውስጥ በሌዘር ተደርጓል፣ 2.05 ሜጋ ጁል ጉልበት ገብቶ 3.15 ወጣ፣ ግን እሱ ሌላ መንገድ ነው፣ ሌዘሮቹ እራሳቸው የበሉት ኤሌክትሪክም ከዛ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ከስፓርክ በኋላ ቨርጂኒያ ውስጥ ቼስተርፊልድ በሚባል ቦታ አርክን፣ ያንን የክፍል ስራ፣ እንደ እውነተኛ ጣቢያ ለመገንባት በዲሴምበር 2024 አስታውቀዋል፣ 400 ሜጋ ዋት፣ ማለትም የጊቤ ሁለትን የሚያህል፣ በ2030ዎቹ መጀመሪያ። ጉግል ግማሹን 200 ሜጋ ዋት ለመግዛት ከወዲሁ ተፈራርሟል።

ግን ልጆቹን አላታለልኳቸውም እናንተንም አላታልልም። ስፓርክ በ2025 ይሰራል ተብሎ ነበር፣ አሁን 2027 ነው የሚባለው። ኒውትሮኑ ግድግዳውን በምን ያህል ፍጥነት እንደሚጎዳው፣ ትሪቲየሙ ከሚቃጠለው በላይ መመረቱ፣ ነቅሎ መቀየሩ በተግባር ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ እነዚህ ሁሉ ገና በማሽን ያልተፈተኑ ነገሮች ናቸው። ጥሩ ጥሩ ሳይንቲስቶች ቀኑን አያምኑትም። እኔም ቀኑን አላምነውም፣ ማግኔቱን ግን አምነዋለሁ፣ ስፓርክ ባይሳካ እንኳ ማግኔቱ ይቀራል።

ደግሞ አንድ ነገር እንዳይረሳ። የግል ድርጅት መንግስት ያቃተውን ሰራ ብሎ የሚያወራ ሰው አጋጥሞኛል፣ ይሄ ልክ አይደለም። ሲ-ሞድን ከ20 አመት በላይ የከፈለው የአሜሪካ ህዝብ ነው። ሰዎቹን ያሰለጠነው፣ ቴክኒሻኑን ያቆየው፣ ስህተቱን የቻለው እሱ ነው። ስድስቱ ሰዎች የወረሱት ትልቁ ሀብት እርስ በርስ የሚተዋወቅ፣ አብሮ የተሳሳተ ቡድን ነው፣ ያንን በኢንቨስተር ገንዘብ ከገበያ አትገዛውም። እኛ ቦስተን አይደለንም፣ 50 ሚሊዮን ዶላር የሚሰጠን የነዳጅ ኩባንያ የለም፣ ዶላር አግኝተን አንዲት ሴንሰር ለማስመጣት እንኳ ስድስት ወር ይፈጃል። ሰውን አለመበተን ግን ብዙ ዶላር አይጠይቅም፣ ይሄን ከልቤ ነው የምለው።

ልጅቷ ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ "እሺ ቲቸር፣ እኛ ጋር ማግኔቱ ምንድነው?" አለች። ከባዱ ነገር ማለቷ ነው። አራቱም ዝም ብለው ተያዩ፣ ከዛ አንደኛው "ጭሱ" አለ፣ ሌላኛው "ገለባው እርጥበት ሲኖረው የሚመጣው ጭስ" ብሎ አስተካከለው። ከሰኔ በፊት ሌላውን ሁሉ ትተው እሱን ብቻ ሊሰሩ ተስማሙ። ማን ተቀጥሮ ይቆይ ማን ይውጣ የሚለውን ግን ሳይጨርሱ ተነሱ፣ ቀላል ስላልሆነ።

እኔ ቤት ስገባ አልቻልኩም፣ አጋሮ ያለው ወንድሜ ጋር ደወልኩ፣ ያ መለዋወጫ ሱቅ የከፈተው። ስንት አመታችን ነው ስለ ምድጃው ሳናወራ። ሰላምታው ሲያልቅ "ስማ፣ ያ የሁለተኛው አየር መግቢያ ቀዳዳ ስንት ነበር?" አልኩት። ለአፍታ እንኳ አላሰበም። "12 ሚሊ፣ ስምንት ቀዳዳ፣ ከላይ አራት ጣት ወርዶ" አለኝ። "ገለባው እርጥብ ከሆነ ግን አራቱን ትደፍናለህ። ይሄንን እኮ አልጻፍነውም።" ከዛ ለምን እንደጠየቅኩት ጠየቀኝ፣ ስለ ልጆቹ ነገርኩት።

እሁድ ሱቁን ዘግቶ ይመጣል።